የድርቤ ሬዲዮና የሞረዳ ጀልባ

«ሬዲዮው ይቀራል።»

«እንግዲያው እኔም እቀራለሁ።»

ይህን የሰማሁት ዓርብ ማለዳ ፊቴን እየታጠብኩ ነው። ጆሮዬን ለጥፌ አይደለም፤ የእኛን ቤትና የሞረዳን ቤት የሚለየው ግድግዳ ስስ ስለሆነ በዚያ በኩል ሰው ሲያስነጥስ በዚህ በኩል «ይማርህ» እንላለን። ሌላ ቀን ቢሆን ሞረዳ ይጮሃል፣ ሚስቱ ድርቤም አታንስም፣ ጠቡ ቁርስ ሳይቀርብ ያልቃል። ያን ቀን ግን ማንም አልጮኸም። ብርጭቆ ሲቀመጥ ተሰማ፣ በር ተከፈተ፣ በር ተዘጋ። በማግስቱ ጠዋት የድርቤ ወንድም ጆቴ የጭነት መኪናውን አምጥቶ ጀልባዋንና የቤቱን ዕቃ ሁሉ ወደ ደዴሳ ወንዝ ሊጭንላቸው ቀጠሮ ነበረው። እንግዲህ ዕቃው ሲጫን ድርቤ አብራ ትሄዳለች ወይስ ነቀምት ትቀራለች የሚለው ነገር በአንድ ሬዲዮ ላይ ተንጠልጥሎ ዋለ ማለት ነው።

ስለ ጀልባዋ ልንገራችሁ። ከደዴሳ ይህን ያህል ርቀን ሳለ ጀልባዋ የተሠራችው እዚሁ ነቀምት፣ በሞረዳ ግቢ፣ በጎመን መደቡና በአጥሩ መካከል ነው፤ አናጢው ከከተማ አልወጣም በማለቱ። ሞተሯ ከተገለበጠ ላንድሮቨር የወጣ ነው። ክረምቱን በሙሉ የሰፈሩ ዶሮዎች እሷ ሥር ተጠለሉ፣ እንቁላልም ጣሉባት። መንገደኛው በአጥር አሻግሮ «ኦቦ ሞረዳ፣ የጥፋት ውሃ የሚመጣው መቼ ነው?» ይለዋል። ሞረዳም መዶሻውን ሳያቆም «አንተን እንዳልጭን ቀኑን አልነግርህም» ይላል። ዕድሜውን የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው ነው ይህችን ያሰባት። ከድልድዩ በጣም ርቆ፣ ገበያተኛ በግንድ ላይ ተንጠላጥሎ በሚሻገርበት በኩል፣ በሰው ስሙኒ እያስከፈለ ሊያሻግር ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ አወጣ። ጎጆም እዚያው ወንዙ ዳር አሠራ። ድርቤ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከዋናው መንገድ ላይ፣ ከረዲ ሱቅ በረንዳ፣ የሲንጀር መኪናዋን ዘርግታ ስትሰፋ ነው የኖረችው። ይህን ሁሉ ትታ ወንዝ ዳር ለመግባት ስትስማማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ሬዲዮ። የባትሪ ድንጋይ የሚበላውን ትንሹን ሬዲዮ አይደለም፤ ደዴሳ ላይ ድንጋይ የሚሸጥ ሱቅ የለም፣ ያለውም በሙቀቱ ያብጣል። ሞረዳ ከአሮጌ መኪና ላይ የፈታው፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ድምፁ እስከ እኛ ጓሮ የሚደርስ የመኪና ሬዲዮ ነበረው። «ጀልባዋ ላይ እገጥምልሻለሁ» አላት። ገጠመላትም።

ከዚያ ነው ነገሩ የመጣው። ለመረዳት የከተማችንን ሾፌሮች ማወቅ ያስፈልጋል። ነቀምት ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ሾፌሮቿም ማታ መኪናቸውን የሚያቆሙት አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርገው፣ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ወትፈው ነው። ጠዋት ድንጋዩ ይነሳል፣ መኪናዋ ትንከባለላለች፣ ማርሽ ይገባል፣ ትነሳለች። ሜዳ ላይ ከቆመች ደግሞ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል፤ ገፍቶም ሙሉ ሂሳቡን ይከፍላል፣ የሚያጉረመርም እንኳ የለም። ስለዚህ የነቀምት ሾፌር ስለ ባትሪ አስቦ አያውቅም። ሞረዳም አላሰበም። ከዚያ ዓርብ በፊት ባለው ሳምንት ጀልባዋን ለሙከራ ወስደዋት፣ ገበያተኛው እስኪሰበሰብ ድረስ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሬዲዮውን ከፍቶ፣ ረፋዱን በሙሉ ሲያዘፍን ቆየ። ድርቤ ዳር ቁጭ ብላ ስታዳምጥ ነበር። ሰው ሞላ። ሞረዳ የለመደ እጁ እንዳዘዘው አስቀድሞ ገመዱን ፈታ፤ ድንጋይ ከጎማ ሥር እንደሚያነሳ ማለት ነው። ጀልባዋ ወደ መሃል ወጣች። ሞተሩን የሚያስነሳውን የሞተሪኖውን ቁልፍ ሲጫን አንድ ጊዜ ጠቅ አለና ዝም አለ። በእጅ በሚዞረው ብረት፣ በማኖቬላ እንዳያስነሳው፣ ማኖቬላው የሚገባበት አፍ አናጢው ከገጠመው ሳንቃ ጋር ተፋጧል። ወንዙ ይዟቸው ሲወርድ፣ ሞረዳ ዞር ብሎ በሙሉ ድምፁ «በሉ ውረዱና ግፉ!» አለ።

አንድ የማር እንስራ የያዙ ሽማግሌ «ልጄ፣ ወዴት ነው የምንወርደው?» ብለው ጠየቁት ይባላል። ደግነቱ የሾላ ቅርንጫፍ ያዛቸው። ሰው አልተጎዳም፤ ማሩም አልፈሰሰም፤ የጀልባዋ ሆድ ብቻ ተላጠ፣ ለጥገናም ወደ ግቢዋ ተመለሰች፣ ባትሪዋም እንደገና ተሞላ። ወሬው ግን ከጀልባዋ ቀድሞ ነቀምት ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞረዳ ከቤት ሲወጣ «ውረዱና ግፉ» የሚለው ሰው አላጣም። ሳቁን ለብቻው መሸከም ከበደውና ጥፋቱን ሬዲዮው ላይ ጣለ፤ ከሬዲዮው አልፎም ሬዲዮውን የጠየቀችው ላይ።

ድርቤ ያን ዓርብ ጠዋት የሚሰፋውን ጨርቅ በክንዷ ይዛ በእኛ በር ስታልፍ «ሃደ ገቢሳ፣ ወደ ገበያ ነሽ?» አለችኝ። ሃደ ገቢሳ የሰፈሩ መጠሪያዬ ነው፤ የገቢሳ እናት ማለት ነው። ወደ ገበያ አልነበርኩም፤ ግን ፊቷን ሳየው «አዎ፣ ጨው አልቆብኛል» አልኩና ነጠላዬን አነሳሁ። መንገዱን ሁሉ ስለ በቆሎው፣ ስለ ጭቃው፣ አርጆ ስለተዳረችው የእህቷ ልጅ አወራን፤ ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እኔም እንዳልሰማሁ ሆንኩ፤ እሷም እንደሰማሁ ታውቃለች።

ረዲ በረንዳው ላይ መጥረጊያ ይዞ ቆሟል። ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምት ላይ የሸበተ ነጋዴ ነው፤ አማርኛውን ከኦሮምኛው ጋር እያፈራረቀ ደንበኛውን ሁሉ በየቋንቋው ያባብላል። ድርቤን ሲያይ መጥረጊያውን አስቀመጠ።

«አከም ቡልቴ፣ እህቴ። ነገ ነው አሉ?»

«እንዲያ ይባላል።»

«እንግዲህ እኔ እንደ ወንድም ልንገርሽ። ወንዝ ላይ ማን ቀሚስ ያሰፋል? ጉማሬ ነው? በረንዳው ያንቺ ነው። በስተጓሮ ያለችውንም ክፍል አስለስንልሻለሁ። ሞረዳ በየሳምንቱ ይምጣ፣ ይይሽ። ሾፌር ሆኖስ ከዚህ የበለጠ መቼ ያይሽ ነበር?»

እውነቱን ነው ያለው፤ ክፉም አላሰበም። ድርቤ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የአንድ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጫፍ ታጥፍ ጀመር። እግሯ መርገጫውን ሲመታ፣ ረዲ ጨዌን ሲመዝንልኝ፣ እኔ የክፍሏን በር በዓይኔ ፈለግሁ። ጥሩ በር ነው። ቆርቆሮው አዲስ ነው፣ በፊት ለፊቱም የኮክ ዛፍ አለ። አንዲት ሴት እዚያ ገብታ ማንንም ሳታስቀይም ልታረጅ ትችላለች። በልቤ «ተቀብላለች» አልኩ፤ ለእኔም ጎረቤቴ ከምትርቅብኝ ይሻላል ብዬ ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረው።

በዚያ መሃል ከላይ በኩል ጥሩምባ ጮኸ። የጆቴ የጭነት መኪና፣ ኤንትሬዋ ናት፤ እንደ ልማዷ አፍንጫዋን ወደ እኛ ቁልቁል ደፍታ ቆማለች። ጆቴ ከጉቶ ጊዳ በቆሎ ሊጭን ነው፣ ረዳቱ ደግሞ ሻይ ቤት ገብቶ ቀርቶበታል። ጥሩምባውን ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ያደርገዋል፤ ውሻ ሁሉ ጮኸ። በመጨረሻ ረዳቱ አፉን እየጠረገ ወጣና ድንጋዩን አነሳ፤ መኪናዋም ተንከባልላ፣ ተንገጫግጫ፣ ልክ ከበረንዳው ፊት ስትደርስ ተነሳች። ጆቴ ለእህቱ ሰላምታ ሊሰጥ ፍሬኑን ያዘ።

ድርቤ መርፌውን አንስታ አየችው። «ጆቴ፣ ይቺ መኪና ባትሪ አላት?»

«ምን ባትሪ አላት፣ ከሞተ ቆየ። ድንጋዩ ባይኖር መች ትነሳለች።»

«ታዲያ ማን ነው እንዲህ ሰፈሩን ያስለቀሰው?»

ጆቴ ሳቀ። «ለመጮህማ አያንስም። ሞተር ለማስነሳት ነው አቅም ያጣው። መብራቱንም ሌሊቱን ሙሉ ባበራው ያበራል። አረጀ እንጂ አልተቀበረም፣ ማሎ እባክሽ።»

እሱ ሄደ። ድርቤ ግን መርፌውን አላወረደችም። ዩኒፎርሙን አጣጥፋ ተነሳች፤ ለረዲ «እመለሳለሁ» አለች፣ እኔም ጨዌን ይዤ ተከተልኩ። የሄድነው ከአውቶቡስ ተራው በታች ካለው ጋራዥ፣ የመኪና መብራትና ሽቦ ወደሚሠራው ቀነዓ ዘንድ ነው። ቀነዓ የሞረዳ የጥንት ጓደኛ ነው፤ ከዚያ ከወንዙ ነገር ወዲህ ግን ብዙ ከሳቁት ሰዎች አንዱ እሱ ስለነበር ሞረዳ አኩርፎታል። በጋራዡ ጥግ አሮጌ ባትሪዎች እንደ ጡብ ተደርድረዋል። ሌላ ከተማ ቢሆን ተሰብረው እርሳሳቸው ይቀልጥ ነበር፤ እዚህ ግን መኪናው ሁሉ የሚነሳው በቁልቁለት ስለሆነ፣ ሾፌሩ ጥሩምባና መብራት እስካገኘ ድረስ ከእነዚህ አንዱን ይዞ ዓመት ይገፋል።

ድርቤ የፈለገችውን በአጭሩ ነገረችው። ጀልባዋ ላይ ያለው ባትሪ ሞተር ያስነሳ፤ ሬዲዮውን አይንካ። ለሬዲዮው ደግሞ ከእነዚህ አሮጌዎች አንዱ ይሁን። ይህ ይሆናል ወይስ አይሆንም?

ቀነዓ መልስ ከመስጠቱ በፊት ጭንቅላቱን አከከ። አንዱን ባትሪ ጎትቶ አምፖል ነካበት፤ ደህና አድርጎ በራ። ከወለሉ ላይ ካለ ሞተሪኖ ጋር ሲያገናኘው ግን ሞተሪኖው እንደ ታመመ ሰው አቃሰተና ተኛ።

«ይሆናል» አለ። «ግን ሁለቱን አንድ ላይ አስራችሁ እንዳትተዉአቸው፤ ደካማው ብርቱውን እየጠጣ ሁለቱም ያልቃሉ። በመሃላቸው ማብሪያ ይግባ። ጀልባዋ ስትሄድ ዲናሞው አስቀድሞ ብርቱውን ይሙላ፣ ከዚያ ማብሪያውን ገልብጣችሁ ይህን ሽማግሌ ይሙላ። ስትቆም ሬዲዮው ከሽማግሌው ብቻ ይብላ። እሱ ባለቀበት ሰዓት ዘፈኑ ይቆማል እንጂ ሰው ወንዝ አይወስደውም።» ከዚያ አየት አድርጓት፣ «ሞረዳ ግን ይቀበላል? እኔን እንኳ ካየ ይጣላል» አለ።

«ከመጣህ ሦስታችን እንጣላለን» አለችው።

መጣም። ባትሪውን በጆንያ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ሽቦውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ በአሲዱ ሸሚዙ እንዳይበላ እያጉረመረመ ዳገቱን ወጣ። ሞረዳ ጀልባዋ ሥር ተንበርክኮ ሬንጅ ይቀባ ነበር። ቀና ብሎ አየን፤ ቀነዓን አየ፣ ጆንያውን አየ፣ እኔን በነገሩ ውስጥ ምን እንደማደርግ ሊጠይቅ አስቦ ተወው።

«ምንድን ነው?»

«የሬዲዮው ባትሪ ነው» አለች ድርቤ።

«የሞተ ባትሪ ጀልባዬ ላይ አላስቀምጥም።»

«እኔን ነው ወይስ ባትሪውን?»

ቀነዓ ሊስቅ ሲል አየሁትና በክርኔ ጎሸምኩት። ሞረዳ ብሩሹን ሬንጁ ውስጥ ነከረ፣ አወጣ፣ እንደገና ነከረ። በመጨረሻ ፊቱን ሳያዞር፣ «ግጠሙት። ሬዲዮው እስኪመሽ ይጩህ። ሲመሽ ሞተሩ እምቢ ካለ ግን ነገሩ አለቀ፤ ሬዲዮው ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ እኔን ማንም አይጨቅጭቀኝ» አለ። ድርቤ «እሺ፤ እምቢ ካለ እኔም ረዲ ዘንድ እገባለሁ፣ የጓሮውን ክፍል ሰጥቶኛል» አለች። ሞረዳ ስለ ክፍሉ ገና መስማቱ ነበር። ብሩሹ እጁ ላይ ቆመ።

ቀነዓ እስከ ቀትር ገጥሞ ጨረሰና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሬዲዮው ተከፈተ። ድርቤ የጎን መወጣጫውን ይዛ ጀልባዋ ውስጥ ገባችና ከኋላ በኩል ካለው ሳንቃ ላይ ተቀመጠች። ሞረዳ ትንሽ ዞር ዞር አለ፣ ጎመኑን አየ፣ አጥሩን ነቀነቀ፤ መቼም ሽቦውን ብቻዋን ሆና እንዳትነካካው ብሎ ይሁን፣ ወይም መቆሙ ሰልችቶት፣ እሱም ገብቶ ከፊት ተቀመጠ። እኔ ምስር ይዤ ደጃፌ ላይ መልቀም ጀመርኩ። ብዙ ምስር አልነበረም፤ አንዱን እየደጋገምኩ ለቀምኩት።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ከሰዓት አላየሁም። ባልና ሚስት በደረቅ መሬት ላይ፣ በጀልባ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ የሚሄዱበት የለም፣ የሚወርዱበትም ምክንያት የለም። ሬዲዮው ዘፈነ፣ ዜና አወራ፣ ስለ ቡና ዋጋ ተናገረ፣ ደግሞ ዘፈነ። በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ በአጥር አንገቱን እያስገባ «ዛሬስ ወዴት ናችሁ?» ይላል። መጀመሪያ ሞረዳ ጥርሱን ነከሰ። ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ልምምድ የሚመለሱ ልጃገረዶች ተሰብስበው «ኦቦ ሞረዳ፣ እንግፋ?» ሲሉት ግን ድርቤ ሳቀች፤ እሷ ስትስቅ እሱም አመለጠው። ልጃገረዶቹ ከሄዱ በኋላ ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረና የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ለምንድን ነው ግን?» አላት፤ ይህን ጥያቄ ሲጠይቃት የመጀመሪያ ጊዜው ሳይሆን አይቀርም። «ወንዝ አለ፣ ወፍ አለ፣ ገበያተኛ አለ። ሬዲዮውን ለምን እንዲህ ያዝሽው?»

ድርቤ የጀልባዋን ጠርዝ በጥፍሯ ትፍቅ ነበር። «አንተ ጊምቢ ስታድር፣ ደምቢ ዶሎ ስታድር፣ ዝናብ ይዞህ ሳትመጣ ስትቀር፣ እኔ ከማን ጋር ነበርኩ? ዝናብ ጣለ ሲል አንተን አስባለሁ። ድልድይ ፈረሰ ሲል ተነስቼ እቀመጣለሁ። ሲዘፍን እሰፋለሁ። ሞረዳ፣ አንተ የማታውቃቸውን ሌሊቶች ያሳለፍኩት ከእሱ ጋር ነው። አሁን እንዴት ብዬ ጥዬው ልሂድ?»

የእኔ ምስር ሰፌዱ ላይ ቆመ። ሞረዳ እጆቹን አየ፤ ሬንጅ ነክቷቸዋል። ዘፈኑ አልቆ ሌላ ጀመረ፤ ሌላውም አለቀ።

«እዚያ እኮ እኔ አለሁ» አለ በመጨረሻ። «ደዴሳ ላይ የምሄድበት የለም። ወዲያ ተሻግሬ ወዲህ ነው።»

«አንተ አታወራም» አለችው።

«ዛሬ አወራሁ።»

«ዛሬማ መውረጃ አጥተህ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ፤ እኔም ከደጄ ሆኜ ሳቅሁ፤ ሲሰሙኝ አፈርኩና ምስሩን አነሳሁ።

ፀሐይዋ ወደ ዲጋ በኩል ስታዘቀዝቅ ቀነዓ ከጋራዡ በቀጥታ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ መጣ። ሬዲዮው አሁንም ይዘፍናል፤ ድምፁ ትንሽ ሳስቷል እንጂ አልቆመም። ሞረዳ ከሳንቃው ተነስቶ ሞተሩ ዘንድ ቆመ። ድርቤ አልተነሳችም። ዶሮዎቹ የሚያድሩበትን ፍለጋ ከጀልባዋ ሥር ይገባሉ። ሞረዳ ቁልፉ ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈና ሳይጫን ቆየ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ነገር የሚያውቅ ሰው እንዴት ቶሎ ይጫናል? ረዲ አስለስነዋለሁ ያለው ክፍል ከዚህ በእግር ሩቅ አይደለም። ደዴሳ ሩቅ ነው።

ተጫነ። ሞተሪኖው እንደ ጤነኛ ዞረ፣ ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ተነሳ። ሰማያዊ ጭስ ጎመኑን ሸፈነው፣ ዶሮዎቹ ወደ እኛ ግቢ ተበተኑ፣ ጀልባዋ በተቀመጠችባቸው ግንዶች ላይ ተርገፈገፈች። ቀነዓ በጣቱ ወደ ማብሪያው ጠቆመ፤ ሞረዳ ገለበጠው፤ የሬዲዮው ድምፅ ወዲያው አበጠ። የሚያበርደው ውሃ ስለሌለ ሞተሩን ቶሎ አጠፋው። ዘፈኑ ብቻውን ቀጠለ። ቀነዓ «ከእንግዲህ ተሳፋሪ አታወርድም» አለው። ሞረዳ ከጀልባዋ ወርዶ ጨበጠው፤ ሬንጁን ሁሉ እጁ ላይ ጠረገበት፣ ያም እርቅ ሆነ።

ከዚያ ወደ ድርቤ ዞረ። የሬዲዮውን ድምፅ ማጉያ ከጀልባዋ አንስቶ በእጁ ይዞ ቆመ፣ ወዲህ አዞረው፣ ወዲያ አዞረው። «ይሄ ወዴት ዞሮ ይገጠም?» አላት። «ወደ ተሳፋሪው ነው ወይስ ወደ ጎጆው?»

«ወደ ጎጆው» አለች። «ተሳፋሪውማ ይሻገርና ይሄዳል።»

ወደ ጎጆው አድርጎ መግጠም ጀመረ። እሷ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደችና ወደ እኔ መጣች። ምስሬን አየችው፣ እንዴት ንጹሕ እንደሆነም አየች፤ አላሾፈችብኝም። በሚቀጥለው እሑድ ለቤተ ክርስቲያን የምለብሰው ቀሚሴ እሷ ዘንድ ነበር፤ እጅጌው ገና አልተገጠመም።

«ሃደ ገቢሳ፣ ቀሚስሽን ዛሬ አልጨርሰውም፤ ማሽኑን ላስር ነው» አለችኝ። «እዚያው እሰፋዋለሁ። ከገበያተኛው ጋር መጥተሽ ትለኪዋለሽ።»

«እኔ ውሃ እፈራለሁ» አልኳት።

«ጎጆው በዚህ በኩል ነው፤ ጀልባ አያስፈልግሽም» አለች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞር ብላ አየችና፣ «ግን ትሳፈሪያለሽ» አለችኝ።